የሬድዉዱን ዳርቻ በሦስት ቀን አትሩጡበት

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

በዕረፍት ገጻችሁ ላይ ያወጣችሁትን የመኪና ጉዞ ዕቅድ አነበብኩት። ከሳን ፍራንሲስኮ ተነስቶ፣ ባህሩን ተከትሎ፣ በሦስት ቀን ሲያትል መግባት ይላል። ሐሳቡ ደስ ብሎኛል። የኛ ሰው ዕረፍት ሲያገኝ ወይ ዘመድ ቤት ነው የሚሄደው ወይ ላስ ቬጋስ፤ ጫካና ባህር ወዳለበት ፓርክ እንዲወጣ የሚገፋፋ ጽሑፍ ምስጋና ይገባዋል። ግን ያንን ዕቅድ እንዳለ ይዞ የሚነሳ ቤተሰብ ከመኪና መስኮት በቀር ምንም ሳያይ፣ ደክሞና ተኮራርፎ ነው የሚመለሰው። ለዚህ ነው ልጽፍላችሁ የተነሳሁት።

እስቲ ቁጥሩን እንየው። በባህሩ በኩል ከሳን ፍራንሲስኮ ሲያትል ወደ 1,000 ማይል ይጠጋል። ለሦስት ሲካፈል በቀን ከ300 ማይል በላይ ማለት ነው። በፍሪዌይ ቢሆን ችግር የለውም። ሀይዌይ 1 ግን ፍሪዌይ አይደለም። አንድ መስመር መሄጃ፣ አንድ መስመር መመለሻ፣ በአንድ በኩል ተራራ፣ በሌላው በኩል ገደል ነው፤ በሰዓት 25 ማይል ወይም ከዚያ በታች ካልሆነ የማይታለፍ ጥምዝ ሞልቷል። ከፎርት ብራግ ሌገት ድረስ 45 ማይል እንኳ አይሞላም፣ ግን ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል፣ ከፊታችሁ የቤት መኪና የሚጎትት ሰው ካለ ደግሞ ከዚያም ይብሳል። ልጆች ከኋላ ሆነው ያቅለሸልሻቸዋል። ሹፌሩ ደግሞ መንገዱን ብቻ ሲያይ ስለሚውል ባህሩን የሚያየው ሌላ ሰው ሲያወራለት ነው።

የኔ ምክር አጭር ነው። ሲያትልን ለሌላ ጊዜ አቆዩት። ጉዞውን ከሩቁ ጫፍ ጀምሩት።

እንዲህ ነው። ከሳን ፍራንሲስኮ ወይም ከኦክላንድ አካባቢ የምትነሱ ከሆነ በመጀመሪያው ቀን በሀይዌይ 101 ቀጥ ብላችሁ እስከ ክሬሰንት ሲቲ፣ ጉልበት ካላችሁም ኦሪገን ድንበርን እንዳለፋችሁ እስከምትገኘው ብሩኪንግስ ድረስ ውጡ። ረጅም ቀን ነው፣ ሙሉ ቀን መንዳት ነው፣ በማለዳ ተነሱ። ከዚያ በኋላ ያሉትን ቀናት ቀስ እያላችሁ ወደ ደቡብ ውረዱ። ወደ ደቡብ ስትነዱ ባህሩ በቀኛችሁ፣ በራሳችሁ መስመር በኩል ነው የሚሆነው። ዕይታ ያለበት ማቆሚያ ሲመጣ የተቃራኒውን መስመር ማቋረጥ ሳያስፈልጋችሁ ቀኝ ታጥፋችሁ ትቆማላችሁ፣ ስትወጡም እንደዚያው። ሌላው ጥቅም ደግሞ በየቀኑ ወደ ቤት እየቀረባችሁ ነው፤ የመጨረሻው ቀን ሰው ሁሉ ደክሞ ረጅም መንገድ የሚነዳበት ቀን አይሆንም። አንድ ነገር ብቻ ልብ በሉ፤ ከቤተሰቡ ውስጥ ገደል የሚፈራ ሰው ካለ ሀይዌይ 1ን ወደ ደቡብ ስትነዱ ገደሉ ከሱ ወንበር ሥር ነው የሚታየው። እንዲህ ያለ ሰው ካላችሁ ሁለቱ መንገዶች ከሚገናኙባት ከሌገት በታች ያለውን ሀይዌይ 1 ትታችሁ በ101 ተመለሱ፣ ምንም አይቀርባችሁም።

አሁን ወደ ጫካው። ሬድዉድ የሚባሉት ዛፎች ከደቡብ ኦሪገን ጫፍ እስከ ቢግ ሰር ባለው ጠባብ የባህር ዳር መሬት ላይ ብቻ ነው በተፈጥሮ የሚበቅሉት። ከ2,000 ዓመት በላይ የኖሩ አሉ። ሥራቸው ጥልቅ አይደለም፣ ጥቂት ሜትር ነው ወደ ታች የሚወርደው፤ ወደ ጎን ግን እስከ 30 ሜትር ይዘረጋና ከጎረቤቱ ሥር ጋር ተቆላልፎ ይያያዛል። በበጋ ዝናብ በሌለበት ወራት ከባህሩ የሚነሳው ጭጋግ ነው ውሃ የሚሆናቸው። ባህሩንና ጫካውን በአንድ ጉዞ ማየት አለባችሁ የምለው ለዚህ ነው፤ ጫካው ያለ ባህሩ አይኖርም። በእነዚህ ዛፎች ላይ ማርብልድ መርለት የምትባል የባህር ወፍ ትጥላለች፤ ዓሣዋን ከባህር ታጠምዳለች፣ እንቁላሏን ግን ከባህሩ ርቃ በትልልቆቹ ዛፎች ቅርንጫፍ ላይ ነው የምታስቀምጠው። የምግብ ፍርፋሪ ካምፕ ውስጥ ስንጥል ቁራዎች ይሰበሰባሉ፣ ቁራዎቹም የሷን ጫጩት ይበላሉ። ቆሎም ሆነ ዳቦ በልታችሁ ስትነሱ ከጠረጴዛው ሥር ያለውን ለቅማችሁ ተነሱ፣ እባካችሁ።

ከድሮው ጫካ የተረፈው 5 በመቶ ገደማ ብቻ ነው፣ ሌላው በመጋዝ አልቋል። ሴቭ ዘ ሬድዉድስ ሊግ የተባለው ማኅበር በ1918 ተቋቁሞ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) በተዋጣ ገንዘብ መሬት እየገዛ ለካሊፎርኒያ የስቴት ፓርኮች እንዲሆን ባያደርግ ኖሮ ዛሬ የምንነጋገርበት ነገር አይኖርም ነበር። ሬድዉድ ብሔራዊ ፓርክ የተቋቋመው በ1968 ነው። ከላይ በኩል ያለው ተራራ መመንጠሩ አልቆም ስላለና ጎርፉ የተሸከመው አፈር ከታች ያሉትን ረጃጅም ዛፎች ስላሰጋ በ1978 ፓርኩ እንዲሰፋ ተደረገ። በ1980 የዓለም ቅርስ ሆነ። ከ1994 ጀምሮ ደግሞ ብሔራዊ ፓርኩና ሦስቱ የስቴት ፓርኮች፣ ማለትም ጄዲዳያ ስሚዝ፣ ዴል ኖርት ኮስት እና ፕሬሪ ክሪክ፣ በጋራ ይተዳደራሉ። ለአንባቢ የሚጠቅመው ነገር ይህ ነው፤ ወደ ብሔራዊ ፓርኩ ለመግባት ክፍያ የለም፣ በር ላይ የሚያስቆምም የለም። በአንዳንድ የስቴት ፓርክ ቦታዎች ግን የቀን ክፍያ አለ።

በጽሑፋችሁ ውስጥ ያላየሁትና ብዙ ሰው ደርሶ የሚያዝንበት ነገር ፈቃዱ ነው። ፈርን ካንየን ግድግዳው ሁሉ ፈርን በሚባል ቅጠላማ ተክል የተሸፈነ፣ መሐሉን ወንዝ የሚሄድበት ሸለቆ ነው፤ ልጆች እግራቸውን ውሃ ውስጥ እየነከሩ የሚሄዱበት፣ እኔ በዚያ አካባቢ ካለው ሁሉ የምወደው ቦታ ነው። ከግንቦት አጋማሽ እስከ መስከረም አጋማሽ (ሜይ 15 እስከ ሴፕቴምበር 15) በመኪና ለመግባት ቀድሞ በኢንተርኔት የተያዘ ፈቃድ ያስፈልጋል። ያለ ፈቃድ ከሄዳችሁ ትመለሳላችሁ። መንገዱም አስፋልት አይደለም፣ ተጎታች መኪና አይገባበትም። ቶል ትሪስ የሚባለው ቦታም ነጻ ፈቃድ ይጠይቃል፤ ፈቃዱን ስታገኙ የተቆለፈውን በር የምትከፍቱበት ቁጥር ይሰጣችኋል፣ ስትመለሱ ዳገቱ ቀላል አይደለምና ለሽማግሌዎች አልመክረውም።

ሽማግሌ ይዛችሁ ከሆነ ሌላ አማራጭ አለ። አቬኑ ኦፍ ዘ ጃይንትስ በሚባለው መንገድ ላይ ያለው ፋውንደርስ ግሮቭ የሚባል ጫካ ዳገት የለውም፣ አጭር ነው፣ እናቶች በዱላ ቀስ ብለው ዞረውት የሚጨርሱት ነው። እዚያ ዳየርቪል ጃይንት የሚባለው ዛፍ ወድቆ ተኝቷል። በ1991 ነው የወደቀው፣ ከ100 ሜትር በላይ ቁመት ነበረው። ከሥሩ አጠገብ ቁሙና ጫፉን ፈልጉ። እናቴን ይዤ ስሄድ ከቆሙት ዛፎች ሁሉ ይልቅ እሷን ያስደነቃት ይኸኛው ነው፤ ቆሞ እያለ ቁመቱን ዓይን አይደርስበትም፣ ሲተኛ ግን በእግር ትለኪዋለሽ አለችኝ። ሌዲ በርድ ጆንሰን ግሮቭም ጥሩ ነው፣ ወደሱ የሚወስደው መንገድ ዳገት ቢሆንም የእግር መንገዱ ቀላል ነው።

አቬኑ ኦፍ ዘ ጃይንትስ 31 ማይል ነው፣ ከ101 ጎን ለጎን የሚሄድ የድሮው መንገድ። ወደ ሰሜን ደግሞ ፕሬሪ ክሪክ ውስጥ ኒውተን ቢ ድሩሪ የሚባል 10 ማይል መንገድ አለ፣ እሱም ከ101 ወጥቶ ተመልሶ 101 ላይ ይገባል። ጂፒኤስ ሁለቱንም አይመርጥላችሁም! ፈጣኑን መንገድ ነው የሚያሳያችሁ፣ ስለዚህ እናንተ ራሳችሁ መውጫውን ካላወቃችሁ በጫካው ጎን በፍሪዌይ አልፋችሁ ትሄዳላችሁ። ድሩሪ መንገድ ላይ ሩዝቬልት ኤልክ የሚባሉት ትልልቅ አጋዘኖች ሜዳው ላይ ሲግጡ ይታያሉ። ከመኪና አትውረዱ፣ ልጅ አጠገባቸው አቁማችሁ ፎቶ አታንሱ። በበጋው መጀመሪያ ግልገል ያላቸው እናቶች፣ በመስከረም ደግሞ ወንዶቹ በጣም ኃይለኛ ናቸው።

ክሬሰንት ሲቲ አጠገብ ያለው ሃውላንድ ሂል ሮድ የተለየ ነገር ነው። አስፋልት የለውም፣ ጠባብ ነው፣ በዛፎቹ መሐል እየተሹለከለከ ይሄዳል፣ ከፊት ለፊት መኪና ሲመጣ አንዳችሁ ዳር ይዛችሁ መቆም አለባችሁ። ለትልልቅ የቤት መኪናና ለተጎታች አይሆንም። ለተራ የቤት አውቶሞቢል ግን ዝናብ ካልዘነበ ምንም አይልም። ግሮቭ ኦፍ ታይታንስ የሚባለው ቦታ እዚያው ነው፤ ሰው ሥሩን እየረገጠ ስላበላሸው ከመሬት ከፍ ያለ መረማመጃ ተሠርቶለታል። ከዓለም ረጅሙን ዛፍ ሃይፒሪየንን እናሳያለን እያሉ በየቦታው የሚለጥፉ ሰዎች አሉ። አትስሟቸው። 116 ሜትር ገደማ ነው፣ በ2006 ነው የተገኘው፣ መንገድ የለውም፣ ሰው እየገባ ሥሩን ስለረገጠውና ቆሻሻ ስለጣለ ከ2022 ጀምሮ አካባቢው ተዘግቷል፣ ገብቶ የተገኘ ሰው እስከ 5,000 ዶላርና እስከ ስድስት ወር እስራት ሊደርስበት ይችላል። ደግሞም ከሥሩ ሆኖ ቀና የሚል ሰው ጫፉን አያየውም።

ስለ ባህሩ ስጽፍ ሳልለሳለስ ነው የምናገረው። አብዛኞቻችን ባህር ዳር አላደግንም፣ ልጆቻችንም መዋኛ ገንዳ እንጂ ይህን ውቅያኖስ አያውቁትም። የሰሜን ካሊፎርኒያና የኦሪገን ባህር በነሐሴ እንኳ ቀዝቃዛ ነው፣ ሰውነትን ወዲያው ያደነዝዛል። ከዚያ በላይ ደግሞ ለረጅም ጊዜ ትንንሽ ማዕበል ብቻ ሲመጣ ቆይቶ በድንገት አንድ ትልቅ መጥቶ አሸዋውን እስከ ላይ ድረስ ይጠርጋል። የአካባቢው ሰው ስኒከር ዌቭ ይለዋል። ሰው በየዓመቱ ይወስዳል። ጀርባችሁን ለባህሩ አትስጡ፣ ለፎቶም ቢሆን። ማዕበሉ ያመጣው ትልቅ ግንድ ላይ ልጅ አታስቀምጡ፤ ውሃ ከሥሩ ሲገባ ግንዱ ይንከባለላል። መሬት ሲንቀጠቀጥ ከተሰማችሁ ደግሞ ማንንም ሳትጠብቁ ወደ ከፍታ ውጡ። ክሬሰንት ሲቲ በ1964 ከአላስካው ርዕደ መሬት በኋላ በመጣው ሱናሚ የሰው ሕይወት የጠፋባት ከተማ ናት፤ የማምለጫ ምልክቶቹ በየመንገዱ ተተክለዋል፣ ስትደርሱ አንዴ እዩዋቸው።

የጉዞውን ሰዓት የምታወጡት በሆቴሉ መግቢያ ሰዓት ሳይሆን በባህሩ ሰዓት ይሁን። ውሃው በቀን ሁለት ጊዜ ገደማ ይሸሻል፣ ሁለት ጊዜ ይመለሳል፣ በየቀኑም 50 ደቂቃ ያህል እየዘገየ ይሄዳል። የመንግሥት የአየርና የውቅያኖስ መሥሪያ ቤት ኖአ ሰንጠረዡን በነጻ ያወጣል። ለምን ይጠቅማል? ክሬሰንት ሲቲ ያለው ባተሪ ፖይንት የባህር መብራት በ1856 የተሠራ ነው፣ በትንሽ ደሴት ላይ ስለሆነ በእግር መድረስ የሚቻለው ውሃው ሲሸሽ ብቻ ነው። ሰዓቱን ሳያውቅ የመጣ ሰው ከዚህ ወዲህ ቆሞ አይቶት ይመለሳል። ሰዓቱን ሳያውቅ የተሻገረ ደግሞ ከዚያ ወዲያ ይቀራል። በዓለቶቹ መሐል የሚቀሩት ትንንሽ ኩሬዎችም እንደዚሁ ናቸው፤ ኮከብ ዓሣውን፣ ሸርጣኑን፣ ሁሉንም የምታዩት ውሃው በጣም ዝቅ ባለበት ሰዓት ነው። ያንን ሰዓት መጀመሪያ ያዙት፣ ምሳውንም እንቅልፉንም በዙሪያው አድርጉት።

ኦሪገን ውስጥ የምመክራችሁ 12 ማይል ብቻ ነው። ከብሩኪንግስ ወደ ጎልድ ቢች ሲሄዱ ሳሙኤል ቦርድማን የሚባል ፓርክ አለ፤ ስሙ የኦሪገን ስቴት ፓርኮች የመጀመሪያው ኃላፊ ከነበሩት ሰው ነው። ማቆሚያዎቹ ተከታትለው ነው ያሉት፣ አርክ ሮክ፣ ናቹራል ብሪጅስ፣ ዌይልስሄድ። ዝም ብላችሁ ከአንዱ ወደ አንዱ ሂዱ፣ ከእያንዳንዱ የእግር መንገዱን ትንሽ ውረዱ፣ ግማሽ ቀን ስጡት። ኦሪገን ውስጥ በ1967 በወጣው ሕግ ምክንያት የባህር ዳርቻው አሸዋ ለሕዝብ ክፍት ነው፣ ሆቴልም ሀብታምም አጥር አጥሮ አይከለክላችሁም። ይህን ሕግ ልጆቻችሁ እዚያው አሸዋው ላይ ቆመው ቢሰሙት ደስ ይለኛል።

ወደ ደቡብ ስትመለሱ ክላማዝ ወንዝ ባህር ውስጥ የሚገባበትን ከፍ ያለ ቦታ እንዳታልፉት። ከዚያ ላይ ሆኖ ዓሣ ነባሪ የሚታይበት ጊዜ አለ። ወንዙ ዩሮክ የሚባለው የአገሩ ነባር ሕዝብ ወንዝ ነው፤ በ2024 በላይኛው ክፍል የነበሩት አራት ግድቦች ፈርሰው ሳልመን ዓሣ ወደ ላይ መውጣት ጀምሯል። በዚያው ዓመት ኦሪክ ከተማ አጠገብ 125 ኤከር መሬት ለዩሮክ እንዲመለስ ስምምነት ተፈርሟል። ጫካው ባዶ መሬት እንዳልነበረ ማወቅ ጉዞውን ይለውጠዋል።

ስለ አየሩ አንድ ቃል። ጁላይ ነው ብላችሁ ቁምጣ ብቻ ይዛችሁ አትሂዱ። በባህሩ ዳር ጭጋግ ሲይዝ 55 እና 60 ፋራናይት ነው፣ ጥቂት ማይል ወደ ውስጥ ገብታችሁ ሌገት ስትደርሱ ከ90 በላይ ሊሆን ይችላል፣ በአንድ ከሰዓት በኋላ የብርዱንም የሙቀቱንም ልብስ ትለብሳላችሁ። ፀሐይ ከፈለጋችሁ ሴፕቴምበርና የኦክቶበር መጀመሪያ ይሻላል፣ ጭጋጉ ይቀንሳል፣ ሰውም ይቀንሳል። ትምህርት ቤት ያላቸው ልጆች ላሏችሁ ይህ እንደማይመች አውቃለሁ። ለጋቢ የሚሆን ቦታ ሻንጣው ውስጥ ይኑር።

ኔትወርክ በብዙ ቦታ የለም። ካርታውን ከቤት ስትነሱ ስልካችሁ ላይ አውርዱት። ቤንዚን ግማሽ ሲደርስ ሙሉ፣ ሩብ እስኪሆን አትጠብቁ። መንገዱ ይናዳል፤ ከክሬሰንት ሲቲ በስተደቡብ ላስት ቻንስ ግሬድ የሚባለው የ101 ክፍል ከተራራው ጋር እየተንሸራተተ ስላስቸገረ ስቴቱ ዋሻ ሊቆፍርለት በ2024 ወስኗል፣ እስከዚያው ግን ጥገና አያጣውም፣ ተራ መጠበቅ አለ። ጠዋት ከመነሳታችሁ በፊት የመንገዱን ሁኔታ የሚያሳዩትን ድረ ገጾች፣ በካሊፎርኒያ ኩዊክማፕን፣ በኦሪገን ትሪፕቼክን እዩ። ሌላው ደግሞ የጨዋነት ብቻ ሳይሆን የሕግም ጉዳይ ነው፤ በካሊፎርኒያ ባለ ሁለት መስመር መንገድ ላይ ቀስ ብላችሁ ስትነዱ ከኋላችሁ አምስት መኪና ከተሰለፈ ማቆሚያ ስታገኙ ወጥታችሁ ማሳለፍ አለባችሁ። አሳልፏቸው። ከኋላ የሚገፋ ሰው ሳይኖር መንዳት እንዴት እንደሚያሳርፍ ታዩታላችሁ።

ቡናውስ? ቡናው ይቀራል አላልኩም። ከሰል ግን በየሜዳው አይቀጣጠልም። እሳት ለማንደድ በተሠራው ቦታ ብቻ ነው፣ ድርቁ ሲበረታ ያም ሊከለከል ይችላል፣ ስለዚህ ትንሽ የጋዝ ምድጃ ያዙ፣ እሱም የተፈቀደ መሆኑን ካምፑ ስትደርሱ ጠይቁ። ማገዶም ከቤት አትጫኑ፣ እዚያው ግዙ፤ በማገዶ ውስጥ የሚጓዝ ነፍሳትና በሽታ ጫካ ይጨርሳል። ፎርት ብራግ ስትደርሱ ደግሞ ግላስ ቢች አለ፣ የከተማው ቆሻሻ መጣያ የነበረ ቦታ ነው፣ ባህሩ ጠርሙሱን ፈጭቶ አለስልሶ ጠጠር አደረገው። ማንሳት ክልክል ነው። የልጆቻችሁን ኪስ ፈትሹ።

ለእናንተ ለአዘጋጆቹ ያለኝ ጥያቄ ይህ ነው። የመኪና ጉዞ ዕቅድ ስታወጡ ከማይሉ ጎን የሚነዳበትን ሰዓት ጻፉልን። ፈቃድ የሚጠይቁትን ቦታዎች ለዩልን። በተለይ ደግሞ ጽሑፉን በጁን አታውጡት። የካሊፎርኒያም የኦሪገንም የስቴት ፓርክ ካምፖች ከስድስት ወር በፊት ጀምሮ ነው የሚያዙት፣ የጁላይ ቅዳሜና እሁድ በጃንዋሪ ያልቃል፤ በጁን የሚያነብ ሰው የሚያገኘው ውድ ሆቴል ወይም የመኪና ወንበር ነው። የሚቀጥለውን ዕቅድ በገና ሰሞን አውጡት፣ ቤተሰብ በበዓሉ ተሰብስቦ እያለ ተመካክሮ ቦታ እንዲይዝ።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ፣ ከኦክላንድ